ወንበዴ ስለሚለው ቃል

በመቀሌ ከተማ የምንኖርበት ሓድነት በትግርኛ ስሙ አንድነት ማለት ነው። ሌሊት ቤቱ የተሰበረበት፥ በመንገድ የተቀማ ሰው ሁሉ በምሬት የሚናገረው ቃል ግን አንድነትን የሚቈርጥ ነው፤ ይኸውም ወንበዴ የሚለው ነው። ሰው ስለሚናገረው ከንቱ ነገር ሁሉ በፍርድ ቀን እንደሚጠየቅ ጌታችን ስላስተማረን፥ ይህን ቃል ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

አማርኛችን በዚህ ነገር ባለጠጋ ነው። ሌባ ተሰውሮ ይወስዳል፤ ቀማኛ ከእጅ ይነጥቃል፤ ወንበዴ ግን በኃይልና በማስፈራራት፥ ብዙ ጊዜም በማኅበር ሆኖ ይዘርፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 670 ይህን በደል ውንብድና ብሎ ከስርቆት ለይቶታል። ሽፍታ ደግሞ ሌላ ነው። ፍርድ ተጓደለብኝ፥ ርስቴን ተነጠቅሁ ብሎ፥ ወይም ደም አፍስሶ፥ ወይም ሥልጣን ሽቶ ዱር ቤቴ ያለ ሰው ነው። ልቡ ሸፈተ ስንል ይህንኑ ቃል ጫካ ላልገባ ሰው እንሰጠዋለን። በዚህኛው አነጋገር ቅዳሴ ቆሞ የሸፈተ ስንት አለ!

በግእዝ መጽሐፋችን ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ፈያት ይባላሉ፤ በቀኝ የነበረውም ፈያታዊ ዘየማን ነው። ማቴዎስና ማርቆስ በጽርዕ ቋንቋ ሌስታይ ይሏቸዋል። ይህ ቃል ዘራፊን ብቻ አያመለክትም፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በዚያው ዘመን በይሁዳ የጦር መሣሪያ አንሥተው በሮማውያን ላይ የተነሡትንም በዚሁ ስም ይጠራቸው ነበር። በርባንንም ብንመለከት ዮሐንስ ወንበዴ ሲለው፥ ሉቃስ በከተማ ስለ ተነሣ ሁከትና ስለ ነፍስ ግድያ እንደ ታሰረ ይነግረናል። አንዱ ሰው በሁለት ስም ይታወቃል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን በጌቴሴማኒ የሆነው ነው፤ ጌታችን ሰይፍና ጎመድ ይዘው የመጡትን፥ እንደ ወንበዴ ልትይዙኝ መጣችሁን ብሎ ጠየቃቸው። ስሙን አልተቀበለውም፤ ከስሙ ተሸካሚዎች መካከል መሰቀልን ግን ተቀበለ።

የአገራችንም ታሪክ ይህን ይመስላል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በቋራ የሸፈቱ ነበሩ፤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ካሣ ምርጫም በተራቸው በእርሳቸው ላይ ሸፈቱ፤ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ፥ ይህችንም መቀሌን መናገሻቸው አደረጓት። ትናንት ሽፍታ የተባለው ዛሬ ሌላውን ሽፍታ ይላል።

በደርግ ዘመን ደግሞ በትግራይና በኤርትራ የታጠቁት ሁሉ በመንግሥት ሬዲዮና ጋዜጣ ወንበዴ ይባሉ ነበር። በዚያ ጦርነት መካከል ፈራጅ ሆነን ለመቀመጥ አልተነሣንም። ነገር ግን ስም ከታጠቀው ሰው አልፎ ወደ አገሩ ሲዘረጋ ምን እንደሚያደርስ ሐውዜን ምስክር ናት፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን የጦር አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ በዚያ የነበሩት እህል ሻጭና ገዢ፥ እናትና ሕፃን ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየውም ጦርነት ሕዝብን በጅምላ ስም መስጠት እንደ ገና በአፋችን ተመላልሷል፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም።

ይህን ስንል በደልን ለማቅለል አይደለም። ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የተደበደበውን ሰው ወንበዴዎች እንዳቈሰሉት ጌታ በግልጥ ተናግሯል፤ የተዘረፈችውም መበለት በደሏ በስሙ እንዲጠራላት፥ ገንዘቧም እንዲመለስላት ይገባል። የንስሐ አባትም የቀማውን ሳይመልስ የመጣውን ወንበዴ በባዶ እጅ ፍታት ሊሰጠው አይችልም። ለመፈረድ የሚቀርበው ግን አንድ ሰው ከአንድ ሥራው ጋር ነው፤ ወንድሙ፥ መንደሩና ቋንቋው አብረውት አይከሰሱም።

ካህናት አባቶቻችን አባ ሙሴ ጸሊምን ያውቁታል። በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ በግብፅም የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ነፍስ እስከ ማጥፋት ደረሰ። በኋላ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ መነኰሰ። አንድ ወንድም በድሎ መነኰሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ፥ ሙሴ ውኃ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፥ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ሳላየው ይፈስሳል፥ እኔም ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። ከብዙ ዘመንም በኋላ በርበሮች ገዳሙን ሊዘርፉ በመጡ ጊዜ መነኰሳቱን ሽሹ ብሎ፥ እርሱ ግን ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ ይጠፋል የተባለውን አስቦ ቀረ፤ በዚያም በሰይፍ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች።