የአትክልት ቦታና የወቅቶች ተራ

የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ግቢያችን በጋም ሆነ ክረምት ዘወትር ለምለም ይሁን ብለን መመኘት ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለው ክረምትን፥ መፀውን፥ በጋንና ጸደይን እያንዳንዳቸውን በየድንበራቸው አቁመዋቸዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀኖችም ቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ብላ ጠርታቸዋለች። እንግዲህ አበባ በአባቶቻችን ዘንድ ቀን የተቆረጠለት ነገር ነበረ። አደይ አበባን እንመልከት፤ ክረምቱን ከሣሩ መካከል ተሰውራ ትቆይና መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ቢጫ ታለብሰዋለች። ጥቂት ሳምንት አልፎ ቢፈልጓት አትገኝም። ዓመቱን ሙሉ ብታብብ ኖሮ ለእንቁጣጣሽ ማን በናፍቆት ይቀጥፋት ነበር?

በአዲስ አበባ ዝናቡ አብዛኛውን የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይሁን እንጂ በጥርና በየካቲት ፀሐይ የግቢ ሣር የነሐሴን መልክ እንዲይዝ ሲባል ውሃ በጎማ ሲፈስበት ይውላል። ስሙን መጥራት የማያስፈልገን የአንድ መሥሪያ ቤት ሣር እንዲህ ሲጠጣ፥ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው የሰፈሩ ሰዎች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ሲጠብቁ ተመልክተናል። ያም ሣር ቢሆን «አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ የቆመበት ስለ ነበረ ከዘበኛው በቀር የሚደሰትበት ሰው አልነበረም።

ይህን ስንል ውበትን መውደድ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ችግረኛ ባለበት አገር አበባ መትከል ቅንጦት ነው የሚሉትንም አንቀበላቸውም፤ በአሮጌ ጣሳ ጤና አዳም ተክላ ከደጃፏ የምታኖር ባልቴት ለቡናዋ ብቻ ሳይሆን ለዓይኗም ጭምር ነው። የሚያሳስበን የእኛ ደስታ ከማን ድርሻ ተቀንሶ የመጣ ነው? የሚለው ነው።

ደግሞም ውሃ ሳያባክኑ በየወቅቱ መደሰት ይቻላል። ያገራችን ዛፍ ቆርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል፤ እርሱን ከበሩ አጠገብ የተከለ ሰው በደረቁ ወራት የሚያየው አያጣም። እሬት ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ አኑሮ ድርቁን ይሻገራል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳም በልግ ሲቃረብ ሐምራዊ ይሆናል። ዘወትር አረንጓዴ የሆኑት ወይራና ጽድ ከኋላ እንደ መጋረጃ ቢቆሙ ለሌሎቹ አበባ ድምቀት ይሰጣሉ። ያገር በቀል ዕፅዋትን ማየት የሚወድ ሰው ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይውጣ፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ስለሆነ ግን በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ አይበል።

በእነዚህ መካከል የሚቀረው ሣር በየካቲት ቢጫ ሆኖ ቢታይ ሊያሳፍረን አይገባም። ሰርዶ ላዩ ቢደርቅም ሥሩ አይሞትም፤ የበልጉ ጠብታ እስኪደርስለት ድረስ ከአፈሩ በታች ሆኖ ይጠብቃል።