ተገፍቶ የመጣና ተገፍቶ የሄደ

የተሰረቀ ዕቃ የተቀበለ ሰው ሌባ ነው ወይ? ሕግ ለዚህ መልስ አያጣም፤ «ሌባና ተቀባይ» ይልና ሁለቱንም ያስራል። እኛን ያስቸገረን ግን ሌላ ነው። ተቀባዩ ራሱ የተሰረቀ ሰው ቢሆንስ? ያውም ዕቃው ሳይሆን ጉልበቱ፣ ልጁ፣ ስሙ የተሰረቀበት?

እንዲያው በአየር ላይ እንዳንለፈልፍ አንድ መንደር እንያዝ። ኒቆዲሞስ ትባላለች። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሰሜን ምዕራብ፣ ፕሬሪ በሚሉት ዛፍ አልባ የሣር ሜዳ ላይ በ1877 ተቆረቆረች (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የቆረቆሯት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ከኬንታኪ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ኬንታኪ ውስጥ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 መጨረሻ ነው፤ እንግዲህ ከነዚህ እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሚሸጡ የሚለወጡ ነበሩ። የ1862ቱ የመሬት ሕግ ደግሞ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ 160 ኤከር ይሰጣል፤ በእኛ ልክ ከጋሻ ተኩል ይበልጣል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲያርስ ለኖረ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ደርሰው ያዩት ግን ሌላ ሆነ። ቤት የለም። ጭስ ከመሬት ውስጥ ይወጣል፤ ቀድመው የመጡት ጉድጓድ ቆፍረው እዚያ ይኖራሉ። አንዳንዱ በማግስቱ ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ። የቀሩት የመጀመሪያውን ክረምት፣ ያንን የበረዶ ክረምት፣ እንዴት አለፉት? በመንደሯ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ከአደን የሚመለሱ ኦሴጆች፣ «ቀይ ሕንዶች» ይሏቸው ከነበሩት የአገሩ ተወላጆች ወገን፣ አገኟቸው፤ ካደኑትም አካፈሏቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኦሴጆች በካንሳስ ደቡብ የነበራቸውን መሬት ለሰፋሪ አስለቅቀዋቸው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምንለው አገር የተገፉ ሕዝብ ናቸው። ኒቆዲሞስ ያረፈችበትን ምድር ደግሞ ሸየኖችና አራፓሆዎች የለቀቁት በ1867 ውል ነው። ውል ይባል እንጂ ከኋላው ወታደር የቆመበት ውል ነው። ታዲያ ያ ሥጋ ከተገፋ እጅ ወደ ተገፋ እጅ ሲሻገር፣ ገፊው በቦታው አልነበረም።

ስንከራከር ግማሾቻችን «ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ ገበሬው ምን አደረገ?» አልን። እውነት ነው፤ ውል አላስፈረመም፣ ማንንም አላባረረም። ግማሾቻችን ደግሞ «የራስ መከራ የሌላውን ዕዳ አይፍቅም» አልን። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የደረስንበት ጥፋትና ዕዳ ሁለት ነገር መሆናቸው ነው። አባቱ ተበድሮ በሠራው ቤት የተወለደ ልጅ ምንም አላጠፋም፤ ቤቱ ግን ዕዳ አለበት። የኒቆዲሞስ ሰዎችም አላጠፉም እንላለን፤ ዕዳ የለባቸውም ግን አንልም።

«አቅኚ» የሚለውን ቃላችንን እንኳ ተመልከቱት። ማቅናት የጠመመውን ማስተካከል ነው። ሣሩ፣ ጎሹ፣ አዳኙ ጠማማ ነበሩ ማለት ነው? በራሳችንም ምድር «አገር ማቅናት» ሲባል ማን እንደቀና፣ ማን እንደጎበጠ የሚያውቅ ያውቃል።

«አላወቅንም» የሚለው መከላከያ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። በ1888 የባቡር ሐዲድ መንደሯን ሳይነካ አለፈና ነጋዴው ተነቅሎ ሄደ። በዚያችው መንደር ኖሮ በ1882 የካንሳስ ኦዲተር ሆኖ የተመረጠው ኤድዋርድ ማኬብ፣ በ1890 ኦክላሆማ ውስጥ ላንግስተን የተባለችውን የጥቁሮች ከተማ ከቆረቆሩት አንዱ ሆነ። የት ላይ? ለነባሮቹ ሕዝቦች ተብሎ ተከልሎ ከነበረው አገር መንግሥት በ1889 ቆርሶ ለሰፋሪ በከፈተው መሬት ላይ! አሁንስ አላወቀም ይባላል? ግን ደግሞ የት ይሂድ? በደቡብ እኮ ጥቁር ሰው በገመድ ይሰቀል ነበር። እዚህ ላይ ክርክራችን ተሰናከለ፤ አልደብቅም ካልን፣ እስካሁንም አልተነሣም።

ኒቆዲሞስ ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ናት፤ የልጅ ልጆቹ በየዓመቱ በሐምሌ ይሰበሰቡባታል። የሰፋሪዎቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። እኛ ባነበብነው ውስጥ ግን የአዳኞቹን ስም አላገኘንም። ከመካከላችን አንዷ የጠየቀችውን ደግሞ የመለሰላት የለም፦ ያ ሥጋ ሲታደል፣ እንግዳው ማን፣ ባለቤቱ ማን ነበር?