ክኒኑን ስትተዪ

ልጄ፣ መጀመሪያ የሚመጣው እንቅልፍ ነው። ተኚ። ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ መውረድ ቢያቅትሽ፣ ነቅተሽ በልተሽ መልሰሽ ብትተኚ፣ ሰውነትሽ ለወራት የተነፈገውን እያስመለሰ ነውና አትደንግጪ። ረሃቡም አብሮ ይመጣል፤ ብዪ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ይከብዳል፤ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

አደራል የሚባለውን ይህን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሲወስድ ቆይቶ ያቆመ ሰው፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ለአንድ፣ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ሳምንታትና ከዚያም በላይ ዓለም ትደበዝዝበታለች። ምግብ አይጥመውም፤ የጓደኛ ጨዋታ አያስቀውም፤ መጽሐፍ ሲከፍት ፊደሉን ያያል እንጂ ነገሩ አይገባውም። ንዴት ይቀርበዋል፣ ለቅሶም እንደዚሁ። ሌሊት ደግሞ በግልጽ የሚታይ መጥፎ ሕልም ያስጨንቀዋል። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሐሳብ ብቅ ይላል፦ «እውነተኛዋ እኔ ይህች ነኝ፤ ሰነፍ ነኝ፣ ያለ ክኒን ለምንም አልሆንም።» ለዚህ ሐሳብ እጅ አትስጪ። እዚህ ሜሪላንድ ፋርማሲ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ልጆች ወደ ክኒኑ ሲመለሱ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን የመለሳቸው ድካሙ ሳይሆን በደከሙበት ሰዓት በራሳቸው ላይ የፈረዱት ፍርድ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አደራል ውስጥ ያለው አምፌታሚን ከውጭ ይዞት የሚመጣው ጉልበት የለም። ወደ አንጎል ሴሎች ይገባና እዚያ የተቀመጠውን ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን ገፍቶ ያወጣዋል። ያ ንቃት፣ ያ ልበ ሙሉነት፣ «ዛሬ ይህን ምዕራፍ ሳልጨርስ አልነሳም» የሚያሰኘው እልህ፣ ሁሉም ከራስሽ ጎተራ የተዛቀ ነው። መዛቁ ሲደጋገም አንጎልሽ ለዚያ ብዛት ይለማመዳል፤ ጥቂቱ አይሰማውም። ክኒኑ ሲቀር ጎተራው ጎድሏል፤ እንደ ድሮው እስኪሞላም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የምታያት የደበዘዘች ልጅ የተፈጥሮ ጠባይሽ መለኪያ አይደለችም። የትምህርት ዘርፍሽን አትቀይሪ፤ ከእጮኛሽ ጋር አትለያዪ፤ «እኔ ነርስ ለመሆን አልተፈጠርኩም» ብለሽ አትወስኚ። ውሳኔው ሁለት ሦስት ወር ይቆይ።

መድኃኒቱን ራሱን እንድትረግሚው አልፈልግም። አምፌታሚን በርሊን ውስጥ ከተቀመመበት ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ነገር አሳልፏል። በ1930ዎቹ የአፍንጫ መዘጋት ማስታገሻ ሆኖ ተሸጠ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች እንዳይተኙ ታደለ፤ ሱስ አስያዥነቱ ሲገለጥ ደግሞ አሜሪካ በ1971 ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተራ አስገባችው። ትኩረት መሰብሰብ በሕመም ደረጃ ለሚያስቸግራቸው፣ ሐኪም መርምሮ መጥኖ ላዘዘላቸው ሰዎች ዛሬም ትልቅ እርዳታ ነው። አንቺ የወሰድሽው ግን የክፍል ጓደኛሽን ማዘዣ ነው። ማንም ደም ግፊትሽን አልለካም፣ ልብሽን አላዳመጠም። በፈተና ሰሞን ግማሽ ብለሽ ጀመርሽ፤ አሁን ግማሹ ጠዋት ለመነሳት እንኳ አይበቃሽም።

ደግሞስ ያን ያህል ጠቅሞሻል? በ2023 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የትኩረት ችግር ለሌለባቸው ሰዎች አምፌታሚንና መሰል መድኃኒቶችን ሰጥተው ከባድ ስሌት አሠርተዋቸው ነበር። የበለጠ ለፉ፣ የበለጠ ጊዜም ፈጁ፤ የሥራቸው ጥራት ግን ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ማስታወሻ ስታስውቢና በቀለም ስታሰምሪ አድረሽ፣ ጠዋት ፈተናው ላይ ዋናው ነገር የጠፋብሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ሂጂ። ክኒኑ የተገዛ መሆኑ አያስፈራሽ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሊያክምሽ እንጂ ሊከስሽ አይደለም። ዕድሜሽ ከ18 በላይ ስለሆነ፣ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ያለ ፈቃድሽ ለወላጆችሽ አይነግርም። ኢንሹራንሱ በአባትሽ ስም ስለሆነ ግን የሒሳቡ ደብዳቤ ቤት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካሳሰበሽ ከዩኒቨርሲቲሽ የምክር አገልግሎት ጀምሪ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በነፃ ነው። ምን ያህል እንደምትወስጂ ሳትቀንሺ ተናገሪ። በአንድ ጊዜ ይቁም ወይስ ቀስ እያለ ይቀነስ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። ይህን ሱስ ለማከም ተብሎ በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ የሚረዳው የንግግር ሕክምናና ክትትል ነው፣ ይሠራልም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ትኩረት ያስቸግርሽ ከነበረም ንገሪው፤ አነቃቂ ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ።

አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድመሽ ተናገሪ። ክኒኑን ለማብረድ ማታ ማታ አልኮል ወይም የጭንቀት መድኃኒቱን ዛናክስ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ በራስሽ ጊዜም አታቁሚ። አደራልን መተው ያደክማል፣ ያስጨንቃል፤ በየቀኑ የተለመደ ዛናክስን ወይም ብዙ አልኮልን በአንድ ቀን መተው ግን እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሊገድልም ይችላል።

አደራልን የመተው አደጋው ሌላ ነው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ሰዓት ሊኖር ይችላል። ከመጣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ። እኔን ካላገኘሽ ወደ 988 የእርዳታ መስመር ደውዪ፤ መጻፍም ይቻላል፣ ቀንና ሌሊት ሰው አለ። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ልብሽ ያለ ልክ ከመታ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማሽ ወይም ሰዎች የሚከታተሉሽ ከመሰለሽ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ 911 ነው።

ሐራራው ሲመጣ በስልክ ከማታውቂው ሰው ልትገዢ ትፈተኛለሽ። ይህን በፍጹም አታድርጊ። በኢንተርኔትና በማኅበራዊ ሚዲያ አደራል ተብለው የሚሸጡ ክኒኖች ብዙዎቹ አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው ሜትአምፌታሚን ወይም ፈንታኒል ይገኛል፤ ፈንታኒል ደግሞ በአንዲት ክኒን ሊገድል ይችላል። ጥቂት ሳምንት ካረፍሽ በኋላም የድሮውን መጠን መውሰድ አደገኛ ነው፤ ሰውነትሽ ያን ያህል መቻሉን ትቷል። ቤት የቀረውን ለጓደኛሽ አትመልሺ፣ ለማንም አትስጪ። ፋርማሲ ወስደሽ የመድኃኒት መጣያ ሳጥን ውስጥ ክተቺው። ይህን አጥብቄ የምልሽ በሌላ ምክንያትም ነው፤ ዜግነትሽ ገና አልወጣም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቁጥጥር ከሚደረግበት መድኃኒት ጋር በተያያዘ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። አንዲት ክኒን በውለታ ማቀበል በሕጉ ፊት ከመሸጥ ብዙ አይርቅም።

ሴት ነሽና ስለ ኪሎም ልንገርሽ። ክኒኑ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በሰርግ ላይ «ቅጥን ብለሽ እንዴት አምሮብሻል!» ያሉሽ ዘመዶች ሕመምሽን እያደነቁ እንደሆነ አላወቁም። ስታቆሚ ሥጋሽ ይመለሳል፤ «ወፈርሽ እኮ!» ማለታቸውም አይቀርም። ይህች ቃል ብቻ ወደ ክኒኑ የመለሰቻቸው ልጆች አሉ። ከአሁኑ እወቂው፣ ያን ቀንም ለእኔ ንገሪኝ። ምግብ አትዝለዪ፤ ጠዋት እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ያገኘሽውን። ጾም ከገባ ለነፍስ አባትሽ ታምሜያለሁ በያቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ትፈቅዳለች። እናትሽ ጸበል እንሂድ ካለችም ሂጂ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን ለእሱ ብለሽ አትሰርዢ። ቡና ከቀትር በኋላ ይቅርብሽ፤ የኃይል መጠጥ የሚሉትን ጭራሽ አትንኪ፤ እንቅልፍሽን ይወስደዋል፣ ጭንቀቱንም ያባብሰዋል።

ጥናቱን በተመለከተ፣ ክኒን እየዋጥሽ ታጠኚበት የነበረውን ወንበርና ሰዓት ለውጪ። ያ ጠረጴዛ ብቻውን ሐራራ ይቀሰቅሳል። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂጂ፣ ከሰው ጋር አጥኚ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሃያ ደቂቃ አንብበሽ አሥር ደቂቃ በእግርሽ ብትሄጂ ይበቃል። ፈተናው ከደረሰና ካልቻልሽ አስተማሪሽን «ኢንኮምፕሊት» (ትምህርቱን በኋላ የምትጨርሺበት ውጤት) እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ የሕክምና ወረቀት ካለሽ ብዙዎቹ ይረዱሻል። ፈተናው እስኪያልፍ ልጠብቅ አትበይ፤ ከዚህኛው ፈተና ጀርባ ሌላ ፈተና አለ።

አባትሽን ፈርተሻል፤ አውቃለሁ። ጫት ብትቅሚ ቤቱ ይናወጥ ነበር፤ ክኒኑ ግን የፋርማሲ ብልቃጥ ውስጥ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። አባትሽ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ዘመን ለፈተና ሲቅሙ የሚያድሩ ልጆች ከእሱ ጋር በአንድ ዶርም ተኝተዋል። ምርቃናውን አይቷል፤ ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ ማንንም ሳያናግሩ ሲውሉ አይቷል፤ በዱካክ እየጮሁ ሲነቁ ሰምቷል። ስለ ዶፓሚን ብትነግሪው ይጠፋበታል። «አባዬ፣ እንደ ዱካክ ያለ ነገር ይዞኛል» ብትይው ግን ቁጭ ብሎ ይሰማሻል። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቁጣው ፍርሃት ነው፤ እስኪበርድ ጠብቂው። ሌላ የምትጨምሪው ማብራሪያ የለም። ለእናትሽ ደግሞ ከፈለግሽ እኔ ልንገራት፤ ካልፈለግሽም አንቺ እስክትናገሪ ከአፌ አይወጣም።

ምናልባት አንድ ቀን ትወድቂ ይሆናል። አንድ ክኒን ዋጥሽ ማለት የነበሩት ሳምንታት ጠፉ ማለት አይደለም። በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የት እንደነበርሽ፣ ምን እንደተሰማሽ፣ ማን እንደሰጠሽ። ሕክምናው የሚስተካከለው በዚህ ነው። የምትደብቂው ከሆነ ግን አንዱ ክኒን ሁለተኛውን ይጠራል።

ሰኞ ጠዋት የምክር ቢሮው ሲከፈት ደውዪና ቀጠሮ ያዢ። ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ «ክኒን ማቆም እፈልጋለሁ፣ እርዱኝ» ይበቃል፤ የቀረውን እነሱ ይጠይቁሻል። ቀኑንና ሰዓቱን ላኪልኝ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እስክትወጪም ውጭ እጠብቃለሁ።