ቆሌ የራቀው ቤት

በአምባሰል፣ በውጫሌና በዙሪያዋ፣ አንድ የከበረ ቤት ሲወድቅ «ቆሌው ራቀው» ይባላል፤ «ውቃቢው ተለየው» የሚልም አለ። በዚህ አነጋገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አይለያዩም። የሚነገርለት ፍጡር መልክ የለውም። ቤቱን ጠብቆ በኖረበት ዘመን ስሙን የሚያነሣ እምብዛም ነው፤ የሚታወሰው ጥሎ ሲሄድ ነው። አድባርም ከዚሁ ወገን ናት። ያረፈችበትን ዋርካ መጥረቢያ አይነካውም፤ ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣንና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ለጎረቤት ብቻ የተሰናዳ አይደለም።

ይህን እምነት «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከባዱ በውስጡ ያለውን የሞራል ጥያቄ መመለስ ነው፦ ደግ የተባለው ጠባቂ ጥሎ ሲሄድና ቤቱ ሲፈርስ በደሉ የማን ነው?

ጥያቄው የወሎ ብቻ አይደለም። በጃፓን ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በኢዋቴ፣ «ዛሺኪ ዋራሺ» የሚሉት ፍጡር አለ፤ የእልፍኝ ልጅ እንደ ማለት ነው። በሕፃን መልክ ሰው በሌለበት ክፍል ይመላለሳል፤ ኮቴው ይሰማል፤ ያለበት ቤት ይከብራል፤ የተወው ቤት ይወድቃል። ያናጊታ ኩኒዮ የተባለው የሕዝብ ልማድ አጥኚ፣ ከቶኖ አካባቢ ተወላጅ ከሳሳኪ ኪዜን የሰማቸውን ታሪኮች እ.ኤ.አ. በ1910 ሲያሳትም ስለዚሁ ፍጡር አንድ ታሪክ አስፍሯል። አንድ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ በድልድይ አጠገብ ሁለት የማያውቃቸው፣ በሐሳብ የተዋጡ ልጃገረዶች ያገኛል። ከየት እንደመጡ ቢጠይቃቸው ከባለጸጋው ከማጎዛኤሞን ቤት ይሉታል፤ ወዴት ቢላቸው የሌላ መንደር ገበሬ ስም ይጠራሉ። ሰውየው የማጎዛኤሞን ቤት እንዳከተመለት ያን ጊዜ ገባው። ብዙም ሳይቆይ ጌታውና ሎሌዎቹ፣ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች፣ መርዛም እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን አለቁ። የተረፈች አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ናት፤ በጨዋታ ተጠምዳ ለምሳ መመለስ ረስታ ነበር።

ሎሌዎቹ ምን በደሉ? ሀብቱ የጌታው ነበር፤ መርዙ ግን ለሁሉም ደረሰ። የእልፍኙ ልጅም እንደኛው ቆሌ ቤትን እንጂ ሰውን አይቆጥርም፤ ሲያከብር ጌታውን ያከብራል፤ ሲርቅ ሎሌውም አብሮ ይወድቃል።

ለእምነቱ ግን አንድ ፍርድ ይገባዋል። ቆሌ በቤቱ ላይ ጌታ ልሁን አይልም፤ ካልተስማማው ይሄዳል። ውጫሌ የዚህን ተቃራኒ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መገናኘት ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም በዚያች ቃል ራሷን የኢትዮጵያ ጠባቂ አድርጋ ለአውሮፓ አስታወቀች። ይህ ጠባቂ ሂድ ሲሉት አልሄደም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መመታት ነበረበት።

የቶኖው ታሪክ በእንጉዳዩ አያበቃም። ሟቾቹ ገና ሳይረሱ ዘመዶች ከቅርብም ከሩቅም መጡ። አንዱ ለሟቹ አበድሬው ነበር፣ ሌላው ቃል ገብቶልኝ ነበር እያለ፣ የቤቱን ዕቃ፣ ሚሶ የሚሉት ማጣፈጫ እንኳ ሳይቀር፣ ወሰዱት። የመንደሩ ቀደምት ባለጸጋ ቤት በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ልጅቱን ያደኸዩአት እንግዲህ በድልድዩ አጠገብ የታዩት ሁለቱ አይደሉም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናብ ከወሎ ሲርቅ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው፣ ውጫሌንም በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ዳር ረሃብተኛው እጁን ዘርግቶ ቆመ። ይህን አድባር ራቀች፣ ፈጣሪ ተቆጣ ብሎ መተርጎም ለተራበው መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለገዥው ግን ከመጽናኛ የበለጠ ነው፤ መሸሸጊያ ነው። ቀድመው የወደቁት የአፋር አርብቶ አደሮች፣ ጭሰኞችና ድሀ ገበሬዎች ነበሩ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩንና እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን እንደነበር አሳይቷል። እህል ነበረ፤ መግዣ ያጣው ሰው ነው። የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሲሸፋፍን ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያን መንግሥት በዚሁ በደል የከሰሰው ደርግም በተራው፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ወሎ ዳግም ሲራብ፣ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በሁለቱም ጊዜ በጎዳናው ያለፈ የጭነት መኪና ነጂ የማን እህል ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

የማጎዛኤሞን ቤት ልጅ አርጅታ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በሕመም ሞተች። መጽሐፉ የአባወራውን ስም ጠብቆ አቆይቷል፤ ዕቃውን የተሸከሙት ዘመዶች ግን አንዳቸውም በስም አልተጠሩም።