ሰባት ክንድ

ከወለንጪቲ ዝቅ ብሎ፣ ነፋስ አቧራ ሲያሽከረክር በሚውልበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር ይባላል። በዓመት አንድ ቀን ያገሩ ወጣቶች ይሰበሰቡበታል። በገዛ ገመዱ ውሃ ቀድቶ ያወጣ ሁሉ ከመስኖው መሬት ይደርሰዋል። ገመዱን የሚገምድላቸው ቤተሰብ ነው፤ ቃጫ የተረፈው ቤት ረጅም፣ ያጣው ቤት አጭር አስይዞ ይልካል።

አንድ ዓመት መቶ ወጣቶች ባልዲያቸውን ሰደዱ። ውሃ ይዞ የወጣው የሦስቱ ብቻ ነበር። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው፣ «የዘንድሮ ልጆች ክንድ የላቸውም» አለ። አንዱ ተናዶ ገመዱን ከነባልዲው ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀው። ሌላው የጓደኛውን ገመድ ሊነጥቅ ሲታገል ተያዘ። የቀሩት ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው ወደየቤታቸው አዘገሙ።

አንዲት ልጅ ግን ከጉድጓዱ አፍ አልተነሳችም። ከነጠላዋ ጫፍ ረጅም ክር መዘዘች፤ በአንዱ ጫፍ ጠጠር ቋጥራ ሌላውን ከባልዲው ሥር አሰረችው። ገመዷን እስከ መጨረሻው ለቃ በደረቷ ተኛች። ስትስበው ባልዲው እንደ በፊቱ ደረቅ ነው፤ የክሩ ጫፍ ግን ርሷል። ያልራሰውን ክር በክንዷ ለካችው።

እናቷ ባልዲውን አይታ፣ «አልሆነልሽም ልጄ?» ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሰባት ክንድ ጎደለኝ፣ እማዬ። ቃጫው የት ነው ያለው?»

ክረምቱን ቃጫ ስትፍቅ እጇ ቆሳሰለ። በዓመቱ ተመልሳ ቀዳች፤ ግማሽ ባልዲ፣ እሱም ደፍራሽ። ጠባቂው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና «ውሃ ነው» አሉ።

ጉድጓዱን የአዳማም የመቂም የባቱም ልጆች ያውቁታል፤ ፈተና ይሉታል። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ከወሰዱት ወደ 896 ሺህ ተማሪዎች፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ በአንድ ዓመት ሰነፈ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። እኔ ገመዱ አጭር ነበር ባይ ነኝ፤ የገመድነውም ትልልቆቹ ነን። በ2016 የአላፊዎቹ ድርሻ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ደርሷል። ገመዱ እየረዘመ ነው፣ ግን በስንዝር።

ውጤት በተለቀቀ ቀን በየቤቱ የሚጠየቀው «አለፍክ ወይስ ወደቅክ?» ነው። «ስንት ጎደለህ? በየትኛው ትምህርት?» የሚል አባት አላጋጠመኝም። 43 ያመጣውም 18 ያመጣውም እኩል «ወዳቂ» ይባላሉ። አንደኛው ፊዚክስና ሒሳቡን ይዞ አንድ ክረምት ቢያጠና ይበቃው ይሆናል። ሁለተኛው የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ እንደገና መግለጥ፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሌላ ጉድጓድ መፈለግ አለበት። ያን የሚያውቀው ግን ሲለካ ነው። መንግሥት ሬሚዲያል ብሎ የጀመረውም ትንሽ የጎደላቸውን ተቀብሎ ገመድ መቀጠል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪ ተመድቦለታል።

ምሳሌው የማይደርስበትም አለ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት፣ ብሔራዊውን ካለፉ በኋላ ሌላ የመግቢያ ፈተና አለ። ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ ውሃ የነካ ሁሉ አይገባም፤ በቂ ገመድ ይዞ የሚመለስ ሞልቷል። እሱ ክንዱን ቢለካም የሚያገኘው ነገር የለም። ብሔራዊውን አልፏልና በሚመደብበት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ምህንድስና ሊማር ይችላል። የሰፈሩ ሰው ግን እሱንም «ወደቀ» ይለዋል።