አሻራ ከማሳረፋቸው በፊት



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ሰባቱ አገልጋዮች የተመረጡት በዕለታዊው እደላ ስለተዘነጉ መበለቶች ነበር። ለዚህ ተራ ለሚመስል ሥራ የተፈለጉት ሰዎች በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ፣ በመልካም ስም የታወቁ መሆናቸውን ልብ እንበል።

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ልጆቻቸው ለሥራ ርቀው የሄዱባቸው አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። በሬም ጉልበትም ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ ወይም ያከራያሉ። ውል ይጻፋል፤ ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን አሳርፉ ይባላሉ። የአንድ ዓመት የመሰላቸው ኪራይ ስንት ዓመት ተብሎ እንደተጻፈ የሚያውቁት መሬቱን መልሰው የጠየቁ ዕለት ነው።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት የተለወጠበትን ጊዜ እናስታውስ። የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ብር ሲጨመር፣ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ለከተማ ሰው ይበቃል። ለቀብራቸው ብለው ጥቂት ብር በመቀነታቸው ለቋጠሩ፣ ራዲዮ ለሌላቸው እናት ግን፣ ወሬውን የሚነግርና እስከ ባንክ የሚያደርስ የታመነ ሰው ካልተገኘ ቀኑ ያልፋል።

ነገር ግን ማገዝ በእነርሱ ፈንታ መወሰን አይደለም። እኛም በዚህ በድለናል። አንዲት መበለት ላማቸውን ሸጠው ከልጃቸው ዘንድ እንዲገቡ፣ እርሳቸውን ሳንጠይቅ ዘመድ ሰብስበን አስወስነናል። ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። ከሄዱ በኋላ የጠየቁት ስለ ላሚቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ውሉን ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡላቸው፤ የገባቸውንም በራሳቸው አፍ ይንገሯችሁ። ገንዘብ ሲቆጠር ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከዕድራቸው አንድ ሰው ይጨመር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም ይላል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ግን ረዳት ሆኖ አይቅረብ። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ወረቀት ስናነብላቸው የማን ምእመን እንደሆኑ አንጠይቅም።

በየቁምስናችሁ ማንበብ የሚችሉ ፈቃደኛ ወጣቶችን ፈልጉ። ስማቸው የሚመዘገበው ግን አረጋውያኑ ተጠይቀው፣ «ይህ ልጅ ወረቀቴን ይይልኝ» ሲሉ ነው።