«አመል ያለበት» መኪና እና የምክንያት ጥያቄ

ፈጽሞ የማይነሳ መኪና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዴ ተነስቶ አንዳንዴ አልነሳ የሚል መኪና ግን፣ በተለይ ከተገዛ ዓመት ያልሞላው እንደሆነ፣ ከጋራዥ አልፎ የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናል። ቁልፉ ያው፣ ነጂው ያው፣ ነዳጁም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከቀን ቀን የሚለያይ ከሆነ፣ ለልዩነቱ ምክንያት አለው ብሎ ለማመን ምን መሠረት ይኖራል? እዚህ ላይ «ምክንያት» የሚለው ቃል የተወሰደው አንድን ነገር እንዲሆን የሚያደርገውን ለማመልከት እንጂ በማመካኛ ትርጉሙ አይደለም፤ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መጠራታቸው ግን ጋራዥ ለሚመላለስ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

አሪስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሆነውን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውንና ከሁለቱም ውጭ የሆነውን ይለያል፤ ይህን የመጨረሻውን፣ በአማርኛ «ድንገቴ» ሊባል የሚችለውን፣ ዕውቀት የማይገኝለት ያደርገዋል፤ ዕውቀት ሲልም በምክንያት ተደግፎ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችለውን ትምህርት ማለቱ ነው። በዚህ ሚዛን ከታየ የመኪናው እምቢታ ድንገቴ ስለሆነ መካኒኩ ሊያውቀው የሚችለው ነገር የለም። ሆኖም ፈላስፋው እዚያው የሚያነሣው ምሳሌ ሌላ በር ይከፍታል። ማርና ውሃ ተቀላቅሎ የሚጠጣው፣ አማርኛ ብርዝ የሚለው ዓይነት መጠጥ፣ ትኩሳት ላለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅመዋል፤ የማይጠቅምበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ግን መናገር አይቻልም፤ ጨረቃ በምትወለድበት ቀን አይጠቅምም ማለት የተቻለ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን አለመጥቀሙ ራሱ ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆን ነገር ይሆንና ድንገቴነቱ ይቀራል።

ብልሽት ፍለጋ የሚባለው ሥራ በሙሉ በዚህች ምሳሌ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ ፈላጊው የሚያድነው ያቺን የጨረቃ ቀን ነውና። «አንዳንዴ» የመኪናው ጠባይ ሳይሆን ገና ስም ላልወጣለት ሁኔታ የተያዘ ቦታ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚገናኘውን የገመድ ማሰሪያ መመልከት ይበቃል። የመኪና ባትሪ በደንብ ሲሞላ ወደ 12.6 ቮልት ያህል ግፊት ይኖረዋል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ ለጥቂት ሰከንዶች 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። ማሰሪያው ላልቶ ወይም ነጭ ዝገት ይዞት 0.04 ኦም የምታህል እጅግ ትንሽ እንቅፋት ከተፈጠረች፣ ያን ያህል ፍሰት በዚያ ሲያልፍ 6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በግልጽ ቋንቋ የግፊቱ ግማሽ ያህል ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርስ ጠፋ ማለት ነው። የፊት መብራቶቹ ግን 10 አምፔር ያህል ብቻ ስለሚፈልጉ በዚያችው እንቅፋት የሚያጡት 0.4 ቮልት ነው፤ ይህም በዓይን አይለይም። መብራቱ ቦግ ብሎ የበራለት ባለቤት «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል፤ የታየው ነገር እውነት ነው፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ይባስ ብሎ መካኒኩ ገመዱን ነካ ሲያደርገው ማሰሪያው ተመልሶ ይገጥምና መኪናው ይነሳል፤ መርማሪው ማስረጃውን በእጁ አጠፋው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ምንም የለውም» የሚለው ቃል ነው። ዴቪድ ሂዩም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1748 ባሳተመው የሰው ልጅ አእምሮ ምርመራ ውስጥ ስለ ተአምር ሲጽፍ፣ ምስክርነት መመዘን ያለበት ካልተቋረጠ ልምድ ጋር ነው፤ ተአምሩ ከመሆኑ ይልቅ መስካሪው መሳሳቱ የሚቀርብ ከሆነም ምስክሩን አለመቀበል ይገባል የሚል ክርክር ያቀርባል። መኪናው ፊቱ ስድስት ጊዜ የተነሳለት መካኒክ ሂዩምን ባያነብም የሚፈርደው በዚሁ ሕግ ነው፤ ስድስት ጊዜ ያየውን ከአንድ ባለቤት ቃል ያስበልጣል። ስሕተቱ ያለው የእርሱ ስድስት ሙከራዎች ሁሉም በአንድ ሁኔታ፣ ሞተሩ ሞቆ በአንድ ቀትር የተደረጉ መሆናቸውን አለማሰቡ ላይ ነው። የባለቤቱ ቃል ከልምድ ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ መካኒኩ ያልነበረበትን ጊዜ የሚሞላ ሌላ ልምድ ነው።

የመኪናው አዲስነትም ከባለቤቱ በተቃራኒ የቆመ ምስክር ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይሁንና አዲስነት የሚናገረው ስለ መኪኖች ብዛት እንጂ እደጅ ስለቆመው አንድ መኪና አይደለም። አዲስ መኪና ከመሸጡ በፊት ለወራት ቆሞ ባትሪው ሊደክም፣ ወይም ሲገጣጠም በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ሊኖረው ይችላል።

ነጂዎች እንዲህ ያለውን መኪና «አመል አለበት» ይሉታል፤ ይህ አባባል ሳይታወቅ ወደ አንድ የቆየ ክርክር ይገባል። ኢማም አል ገዛሊ በ1095 ገደማ በጻፈው «ተሃፉት አል ፈላሲፋ» ውስጥ ጥጥ እሳት ሲነካው መቃጠሉን ምሳሌ አድርጎ፣ ዓይን የሚያየው አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ መሆኑን እንጂ አንዱ በሌላው የግድ መሆኑን አይደለም፤ የሚያቃጥለው አላህ ነው፣ የምናየው ተከታታይነትም የእርሱ ልማድ ነው ሲል ይሞግታል። ሂዩም በበኩሉ ልማዱን ከፈጣሪ አንሥቶ ወደ ሰው አእምሮ ያዞረዋል። የአማርኛው ነጂ ደግሞ ለመኪናው ሰጠው። በዓረብኛ ምክንያትን የሚያመለክተው «ሰበብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ዋናውን ምክንያት ትቶ አጋጣሚውን ብቻ መያዙ፣ ለገዛሊ ሐሳብ ከዚህ የቀረበ ቃል ማግኘት ያስቸግራል ያሰኛል።

ገዛሊ ራሱ የሚነሣበትን ተቃውሞ ያውቀዋል፤ ግድ የሚባል ነገር ከሌለ ቤቱ መጽሐፍ ትቶ የወጣ ሰው ሲመለስ መጽሐፉን እንስሳ ሆኖ ሊያገኘው ነው። መልሱም ይህ እንደማይሆን የሚያረጋግጥ ዕውቀት ከልማዱ ጋር በሰው ውስጥ ተፈጥሯል የሚል ነው። ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ ግን ለገዛሊ አጸፋ አድርጎ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያትን የካደ አእምሮን ካደ ይለዋል። በጋራዡ ሚዛን ኢብን ሩሽድ ያሸንፋል፤ ምክንያት የለም ብሎ የሚጀምር ሰው ሞተሩን ከፍቶ የሚያይበት ጉዳይ አይኖረውምና። ገዛሊም ቢሆን አልተረታም፤ «ለሁሉም ምክንያት አለው» የሚለው እምነት ከኮፈኑ ሥር ተፈልጎ የተገኘ ሳይሆን ፈላጊው ይዞት የመጣ ነው። አዲስ መኪናውን ጠበል አስረጭቶ በማግስቱ ባትሪውን የሚያስለካ ሰው እርስ በርሱ የተጣላ የሚመስለው ነገሮችን የሚያስኬደው ማን ነው የሚለውንና ብልሽቱ የት ነው የሚለውን ጥያቄ አንድ ላደረገ ተመልካች ብቻ ነው።

የቀረው ጥገናው መሳካቱ የሚታወቅበት መንገድ ነው። ከአሥር ጊዜ አንዴ አልነሳ የሚል መኪና ምንም ሳይጠገን በተከታታይ አሥር ጊዜ የመነሳት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ በተከታታይ የመነሳት ዕድሉ ግን ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ባትሪው በተቀየረ ማግስት መኪናው መነሳቱ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ስሌትም ቢሆን እያንዳንዱ ሙከራ ከሌላው ጋር እኩል ነው ብሎ ስለሚነሣ፣ ብልሽቱ በብርዳማ ማለዳ ብቻ የሚታይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የተደረጉት ሠላሳ ሙከራዎች አይቆጠሩም።